ያላደረ ፍርድ

ማኅተም ያዡ የብረት ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ስድሳ ሦስቱን ደረጃ ይወጣል፤ በየአሥሩ ደረጃ እየቆመ ይስላል። ከኋላው የሚከተለው ወታደር ያጣድፈዋል።

"ቶሎ በሉ እንጂ አባባ፤ ሻለቃው ቆመው ነው የሚጠብቁዎት።"

"እሳቸው መቼ ተቀምጠው ያውቃሉ ብለህ ነው?" አለ ማኅተም ያዡ። ሳሉ ግን የቀልዱን ግማሽ ዋጠበት።

ታች፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ የምሥራቅ በር ዘበኛው ሚስት የባሏን ጫማ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣ ነበር። ሲያልፍ የካባውን ጫፍ ያዘችው። አላለቀሰችም፤ አልለመነችም። "አደረ ወይስ አላደረም? ይህን ብቻ ንገሩኝ አባባ" ነው ያለችው። እሱም "ገና ነው ልጄ" ብሎ ካባውን ቀስ አድርጎ ከእጇ አስለቀቀ። አሁን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ካባው እየከበደው የሄደ መሰለው።

ከተማዋ ከተከበበች አርባ አንድ ቀን ሆኗታል። ከግንቡ ውጭ የሰፈረው ጠላት ስንቅ ከመቁረጥ የባሰ ዘዴ ያገኘው በሃያኛው ቀን ነው። ሲጨልም ትልልቅ ነጋሪቶቹን ያስጎስማል፤ ከዚያ ዝም ያሰኛል፤ ሰው ሸለብ ሊያደርገው ሲል ደግሞ እንደገና። ቀን ደግሞ ግንቡ የሚጠገነው ቀን ስለሆነ፣ ሽማግሌ ሳይቀር ድንጋይ ያመላልሳል። ስለዚህ ከተማዋ በሙሉ ዓይኗ ደም መስሎ፣ በትንሽ በትልቁ እየተነጫነጨች፣ ባልና ሚስት በአንድ ጣሳ ውሃ እየተጣሉ ትኖር ነበር። ማኅተም ያዡ ራሱ በደንብ ከተኛ አምስት ቀኑ ነው። ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ቆዳው የተላጠ ቁስል አለ፤ ከየት እንዳመጣው ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም።

ሻለቃው ግን ከሁሉ የባሰበት ነው። ሰባት ቀን ሙሉ አልጋ አልነካም።

የዚያች ከተማ ሰዎች በብዙ ነገር ይታማሉ፤ በአንድ ሕጋቸው ግን ይኮራሉ። የሞት ፍርድ በተፈረደበት ቀን አይታተምም። ፈራጁ ፍርዱን ይዞት ይተኛል። የብረት ማኅተሙ ከትራሱ ሥር ይገባል፤ ማኅተም ያዡም ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲያዳምጥ ያድራል። ሲነጋ "ተኝተውበታል?" ብሎ ይጠይቃል። ፈራጁ "ተኝቼበታለሁ" ይላል። "ያው ነው?" "ያው ነው።" ይህ ከሆነ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፣ ማኅተሙ ያርፍበታል፣ ማኅተም ያዡም መስኮቱን ከፍቶ ወደ አደባባዩ "አድሯል!" ብሎ ይጮሃል። ገመድ ያዡ ያለዚያ ቃል ገመዱን አይነካም። ያላደረውን ፍርድ አድሯል ብሎ የጮኸ ማኅተም ያዥ ደግሞ ገመዱ ለራሱ ነው።

በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ማኅተም ያዡ በዚያ በርጩማ ላይ ዘጠኝ ጊዜ አድሯል። ከዘጠኙ በአራቱ ፈራጁ ሲነቃ "ያው አይደለም" ብሏል። አንደኛው፣ ቁጡነቱ አገር ያወቀው ሽማግሌ ዳኛ፣ ዓይኑን እንደገለጠ ውሃ ጠይቆ ጠጣና ወረቀቱን ራሱ ቀደደው። ምን እንዳየ ሲጠይቁት "ምንም አላየሁም፤ ተኛሁ እንጂ" ነበር መልሱ።

የግንቡ ማማ ክፍል አራት ማዕዘን ነው። ወደ አደባባዩ የሚያይ አንድ መስኮት፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሌላ ትንሽ መስኮት፣ ካርታ የተዘረጋበት ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አልጋ። አልጋው ነጭ አንሶላ ለብሶ ትራሱ ሳይነካ እንደተነጠፈ ነው። ሻለቃው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ጎራዴውን እንደታጠቀ ቆሟል። ጢሙ አድጎ ጉንጩ ጎድጉዷል።

"መጣህ? ሰሙን አቅልጥና አትም" አለው።

ከከበባው በፊት "እርስዎ" ይለው ነበር፤ በዕድሜ አባቱ ይሆናልና። እንቅልፍ ካጣ በኋላ "አንተ" ሆነ። ማኅተም ያዡ አልተቀየመም፤ መከባበርም ጉልበት ይፈልጋል።

"ጌታዬ፣ ትናንት ከፈረዱ በኋላ ጎንዎን አላሳረፉም። ሌሊቱን በሙሉ ግንቡ ላይ ነበሩ።"

"ነበርኩ።"

"እንግዲያው አላደረም።"

ሻለቃው ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "ስማ። ያ ሰው በሩ ላይ ተኛ። ሲተኛ ጠላት ገባ፤ በስንት ትግል መለስነው። አሥራ አንድ ሰው ነው የቀበርኩት፤ አንዱ የእኅቴ ልጅ። መተኛት ነው ወንጀሉ። አሁን አንተ በተኛ ሰው ላይ ለመፍረድ መጀመሪያ ተኛ ትለኛለህ?"

"ሕጉ ነው የሚልዎት ጌታዬ።"

"ሕጉን ያወጡት የጠገቡና የተኙ ሰዎች ናቸው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሥራቅ በር ዘበኛው በከተማው "አውራ ዶሮ" እየተባለ ይጠራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በክረምትም በበጋም፣ ከበሩ አናት ላይ ቆሞ "ነጋ!" ብሎ ያልጠራበት አንድ ጠዋት የለም። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን የሚያቀጣጥለው፣ እናቶች ልጅ የሚቀሰቅሱት በእሱ ድምፅ ነበር። ከሦስት ሌሊት በፊት ግን ጦሩን ተደግፎ ተኛ። በችሎቱ ፊት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ተረኛዬ አልመጣም። ቀን ድንጋይ ሳመላልስ ውዬ ሦስት ሌሊት ያለ ቅያሪ ቆሜአለሁ።" ሻለቃው "ተረኛ ይቅር ብሎ ማን አዘዘ?" ብሎ ጠየቀ። መልስ የሰጠ የለም። የተረኞቹ አለቃ ከአሥራ አንዱ ሟቾች አንዱ ነውና እሱ አይጠየቅ። ማኅተም ያዡም ሳጥኑን አቅፎ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ቃሉ ጆሮው ገባ፣ ልቡ ዘንድ ግን አልደረሰም።

"አንድ ሰዓት ብቻ ይተኙ" አለ አሁን። "እኔ ትንፋሽዎን ሰምቼ አድሯል እላለሁ። ያው ከሆነ ያው ነው።"

ሻለቃው ወደ አልጋው አየት አደረገና ቶሎ ፊቱን መለሰ። "ዓይኔን ስከድን ግንቡ ሲናድ አያለሁ" አለ ዝግ ብሎ። የእውነቱን ነበር። ከዚያ ሄዶ በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉን ደረት ኪሱ ከተተ። "እኔ እንድተኛ የምትፈልግ ከሆነ አልተኛም። አንተም አትተኛም። አድሯል እስክትል ድረስ ሁለታችንም እዚሁ ነን።"

"ግንቡስ ጌታዬ? ጠላትስ?"

"ጠላት ቀን ቀን ይተኛል። ብልህ ነው።"

እንዲህ ሆነው ቆሙ። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር ያስፈልጋል። አልደበደበውም፣ አልሰደበውም፤ ራሱም አልተቀመጠም። የማኅተም ያዡ ራስ ወደ ደረቱ ዘንበል ባለ ቁጥር ግን የጩቤውን እጀታ ጠረጴዛው ላይ ቋ ያደርጋል። ቋ። ሽማግሌው ብንን ይላል። አንዳንዴም የሻለቃው ራስ ራሱ ዘንበል ይልና፣ ጩቤው ጠረጴዛው ላይ ቋ ሲል ሁለቱም አንድ ላይ ይባንናሉ።

ማኅተም ያዡ መጀመሪያ ላይ የሚያስበው ስለ አውራ ዶሮ ነበር። ፊቱን፣ ሲስቅ የሚታየውን የተሸረፈ ጥርሱን፣ ጫማውን ታቅፋ ደረጃው ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን ያስባል። ለእነሱ ሲል ይህን መቻል እንዳለበት በደንብ ገብቶታል። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ጠፋበት። የተሸረፈው ጥርስ የላይኛው ይሁን የታችኛው ማስታወስ ቢፈልግ አቃተው። ቀጥሎ ሚስቲቱ ጠፋች። የቀረው ሕጉ ነበር፤ እሱን እንደ መቋሚያ ይዞ ቆየ። ከዚያ ሕጉም ቃል ብቻ ሆነ፤ አድሯል፣ አላደረም፣ ሁለቱም ያው አፍ የሚያወጣው ድምፅ። ሰውም ነገርም በየተራ ከሐሳቡ ሲወጡ መጨረሻ ላይ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ነጩ አልጋ።

አልጋው የተለየ አልነበረም። ትራሱ መሐል ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ማኅተም ያዡ ያን ጉድጓድ ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። የገዛ ሚስቱን ሲቀብር እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ቋ።

"አድሯል ብል እተኛለሁ?"

ማን ነው ይህን የጠየቀው? ድምፁ የራሱ ነው። ሻለቃው ቀና አለ።

"ትተኛለህ። አልጋው ያንተ ነው። እዚሁ ትተኛለህ፣ ማንም አይቀሰቅስህም።"

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። ሰሙን አቀለጠ። ወረቀቱ ላይ አፈሰሰ፤ ብረቱን አሳረፈበት። "ተኝተውበታል?" ብሎ እንኳ አልጠየቀም፤ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። መስኮቱን ከፈተና "አድሯል!" ብሎ ጮኸ። ከታች አንዲት ሴት ከደረጃው ተነስታ ስትቆም አየ፤ ማን እንደሆነችም ያውቅ ነበር፤ ግን ሩቅ አገር ስለምትኖር ሰው እንደሚሰማ ሰው ሆኖ አየና መስኮቱን ዘጋ። ሻለቃው ወረቀቱን አንስቶ "በዘጠኝ ሰዓት" አለ። "እስኪፈጸም ሳጥኑም አንተም እዚህ ትቆያላችሁ።" በሩ ከውጭ ሲቆለፍ ማኅተም ያዡ አልሰማም። ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቶ ነበር።

የሚያሳፍረውም ይህ ነው። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ውሸቱን ለብዙ ሰው ተናዟል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረም። እንቅልፉ ጣፋጭ ነበር። አንድም ቅዠት፣ አንድም መወራጨት አልነበረበትም፤ እንደ ሕፃን ተኛ።

ሲነቃ ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ መስኮት ዞራለች፤ አንድ ጨረር አልጋው ላይ፣ ልክ ቀኝ እጁ ላይ አርፏል። አውራ ጣቱን አየ። የተላጠውን ቁስል አየ። ከየት እንዳመጣው ማንም ሳይጠይቀው መጣለት።

ሰም ነው። ከአምስት ሌሊት በፊት፣ እዚሁ ክፍል፣ ነጋሪቱ እየተጎሰመ፣ ሻለቃው "ለፈረሰው ግንብ ሰው ያስፈልገኛል፤ የምሥራቅ በር ተረኞች ወደዚያ ይዙሩ፣ እስከ ሌላ ትእዛዝ ዘበኛው እንዳይቀየር" ብሎ ለተረኞቹ አለቃ ወረቀት ሰጠ። ማኅተም ያዡ ሰሙን እያፈሰሰ እያለ አሸለበው፤ ትኩሱ ሰም አውራ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ጮኸ። ሻለቃውና የተረኞቹ አለቃ ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀና ማኅተሙን አሳረፈ። ሌላ ትእዛዝም አልመጣም። ሦስቱም ረሱት። አንዱ ከነወረቀቱ ተቀበረ፤ ሁለቱ ደግሞ በችሎት ቆመው አንዱ "ማን አዘዘ?" ሲል ሌላው ያዳምጥ ነበር።

ከአልጋው ዘሎ በሩን ደበደበ።

"ክፈት! ልጄ ክፈት፤ ሰውየው ጥፋት የለበትም!"

"አልችልም አባባ" አለ ወታደሩ ከውጭ። "ቁልፉ ከሻለቃው ጋር ነው።"

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ ሊሞላ ነው። አውርደውታል።"

"እንግዲያው ሩጥ! ሩጥና ማኅተም ያዡ ተሳስቻለሁ ብሏል በላቸው!"

ወታደሩ ድምፁ ተሰብሮ መለሰ። "ከዚህ በር ፈቀቅ ካልክ አንተም ትከተለዋለህ ተብያለሁ። ልጅ እያለሁ ለሥራ የሚቀሰቅሰኝ የእሱ ድምፅ ነበር። ተዉኝ አባባ፣ እባክዎን ተዉኝ።"

ማኅተም ያዡ ወደ መስኮቱ ሄደ። አደባባዩ ሞልቷል። እንጨቱ ቆሟል። አውራ ዶሮ በባዶ እግሩ፣ እጁን የፊጥኝ ታስሮ፣ ሳንቃው ላይ ቆሟል። ገመድ ያዡ፣ አጭርና ወፍራም ሽማግሌ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ማኅተም በጣቱ እየዳበሰ ያረጋግጣል። ሻለቃው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል።

ማኅተም ያዡ ዝም ማለት ይችል ነበር። የሚያውቅ የለም። ወረቀቱ መሬት ውስጥ ነው፣ ቁስሉም ከነገ ወዲያ ይድናል። ሆድ ይፍጀው ብሎ አልጋው ላይ ቢመለስ ማንም አይጠይቀውም። አፉን ከከፈተ ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያ ገመድ የእሱ ነው። ጠዋት ቢሆን ይህን ሁሉ አይለየውም ነበር፤ አሁን ግን ጭንቅላቱ እንደ ታጠበ ጣሳ ጠርቶ ገመዱን፣ ቋጠሮውን፣ የራሱን አንገት አንድ በአንድ ያያል። ፈራ። እንቅልፍ ጀግና አላደረገውም፤ ፈሪነቱንም አብሮ መልሶለታል። ግን ሌላም የመለሰለት ነገር ነበር፤ የሰውየውን ፊት። የተሸረፈው ጥርስ የላይኛው ነው፣ በስተግራ።

መስኮቱን በረገደና አፉን ከፈተ። የወጣው ሳል ነው።

ሳለ፣ ሳለ፤ ዓይኑ እስኪፈስስ፣ የመስኮቱን ደፍ ጨብጦ ሳለ። አደባባዩ ላይ ያሉ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ላይ ቀና አሉ። አንድ ሰው "ምነው ሽማግሌው፣ ሊወድቅ ነው እንዴ?" አለ። ገመድ ያዡም ቀና አለ። በዚህ መካከል ማኅተም ያዡ ትንፋሽ አገኘ።

"አላደረም!"

ድፍን አደባባዩ ክው አለ።

"አላደረም! ዋሽቻለሁ! ሻለቃው አልተኙም፣ እኔ ለአንድ እንቅልፍ ብዬ ዋሸሁ! ተረኛው እንዳይመጣ ያዘዝነው እኛው ነን! ማኅተሙን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ፣ ሰሙ ያቃጠለኝ ይኸው ጣቴ!" አውራ ጣቱን በመስኮቱ አወጣ። ከዚያ ርቀት ማንም ሊያየው እንደማይችል አላሰበም።

ሻለቃው ወደ ላይ አየ። "እኔ አላዘዝኩም" አለ ጮክ ብሎ። አፉ ገርበብ ብሎ፣ በጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አንከራተተ። "አላዘዝኩም..." አለ እንደገና፤ በዚህኛው ግን ዝቅ ብሎ፣ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ገመድ ያዡ ገመዱን ከአውራ ዶሮ አንገት አወጣና ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። "ካላደረ አላጠብቅም" አለ።

"እኔ አዝሃለሁ!"

"ይዘዙኝ ሻለቃ። እርስዎ ሄደው ይተኙና፣ ሲነቁ ያዝዙኛል። ያኔም ያው ካሉ ሁለቱንም እሰቅልልዎታለሁ፤ እንጨቱ ይበቃል። አሁን ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በመዳፉ አፈነው። ሻለቃው እጁን ወደ ጎራዴው ሰደደ፤ እጁ እጀታውን ስቶ አየር ጨበጠ። ያን ሁሉም ሰው አየ። እሱም እንዳዩት አየ። "ሁለቱንም ከማማው ሥር ቆልፉባቸው" አለና ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ስድሳ ሦስቱን ደረጃ ሲወጣ ሦስት ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

የማማው ሥር ክፍል ድሮ የገመድና የሸራ ማስቀመጫ ነበር። ማማው ከዚያ በላይ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጣሪያው የሻለቃው ክፍል የሳንቃ ወለል ነው፤ የላይኛው ድምፅ ሁሉ እንደ ጉድጓድ ወደ ታች ይወርዳል። በሳንቃው ስንጥቅ የሰው ኮቴ፣ የጎራዴ መፈታት፣ በመጨረሻም የአልጋ ሲጥ ማለት ተሰማ። ማኅተም ያዡ ያሞቀው አልጋ ነው። ብዙም ሳይቆይ ማኅተም ያዡ አሥራ ስምንት ዓመት ማዳመጥ የለመደው ነገር መጣ፤ ረጅም፣ ከባድ፣ እኩል ትንፋሽ።

"ተኙ" አለ በሹክሹክታ።

አውራ ዶሮ ጎኑ ተቀምጧል። ግድግዳውን ተደግፎ እጁን ያሻሻል። "ለአንድ እንቅልፍ ነው ያሉት?" አለ።

"ለአንድ እንቅልፍ።"

"እኔም ለአንድ እንቅልፍ ነው አሥራ አንድ ሰው ያስፈጀሁት።"

ማኅተም ያዡ "አንተ ቆመህ ነው የተኛኸው፤ እኔ አልጋ ላይ ነው" ሊል አሰበና ተወው። ይቅርታም አልጠየቀም፤ የሚበቃ ቃል አልነበረውም።

ውጭ አንድ ነገር እየሆነ ነበር። መጀመሪያ የቀጥቃጩ መዶሻ ቆመ። ቀጥሎ የወፍጮው ድንጋይ ዝም አለ። በግድግዳው ማዶ የሴት እግር ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ፣ በር በቀስታ ሲንኳኳ፣ አንድ ቃል በሹክሹክታ ሲደጋገም ይሰማል፦ "ተኝቷል። ተኝቷል። ይተኛ።" አውራ ዶሮ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። "እሷ ናት" አለ። "ድምፅ እንዳታሰማ ጫማዋን አውልቃለች፤ በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው።" የፍየሎቹ ቃጭል ጨርቅ ሳይጠቀለልበት አልቀረም፣ ጠፋ። የሚያለቅስ ሕፃን ጡት አፉ ሲገባ ዝም አለ። ለሃያ አንድ ቀን በገዛ ራሷ ስትነጫነጭ የከረመችው ከተማ፣ አንድ ሰው እንዲተኛላት ትንፋሿን ዋጠች።

ሲጨልም ነጋሪቱ ተጀመረ። ሁለቱም ወደ ጣሪያው አዩ። ትንፋሹ አልተቋረጠም። ነጋሪቱን ጆሮው ለምዶታል።

"የማይለምደው ሌላ ድምፅ ነው" አለ ማኅተም ያዡ፤ የካባውን ጫፍ አፉ ውስጥ ወትፎ ሳሉን እየዋጠ። ፊቱ ቀላ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ አለፈ። "ከተኛሁ እስላለሁ። ስለዚህ መተኛት የለብኝም።"

"ይተኙ" አለ አውራ ዶሮ።

"እስላለሁ አልኩህ እኮ።"

"ሳሉ ሲመጣብዎት እኔ አፍዎን እይዛለሁ። ሥራዬ መጠበቅ አይደል? ትናንት ከችሎቱ ወዲህ እስር ቤት ውስጥ ስተኛ ነው የቆየሁት። አንዱ ይተኛ፣ አንዱ ይጠብቅ፤ እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት ከመጀመሪያው።"

ማኅተም ያዡ ራሱን የአሮጌ ሸራ ጥቅል ላይ አሳረፈ። ወንጀለኛ ሆኖ፣ በበደለው ሰው ጥበቃ ሥር፣ ለሁለተኛ ጊዜ በዚያ ቀን ተኛ። ሌሊት ሦስት ጊዜ አንድ ሻካራ መዳፍ አፉን ሲሸፍነው፣ ደረቱ ውስጥ ሳሉ እንደታፈነ ሲያልፍ፣ መዳፉ ተነስቶ ሲሄድ በእንቅልፍ ልቡ ያውቀው ነበር።

በመጨረሻ የነቃው በዝምታው ነው። ነጋሪቱ ቆሟል። ከላይ ሻለቃው አሁንም ይተነፍሳል፤ ረጅም፣ እኩል። ሲነቃ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም፤ ያስታውስ ይሆናል፣ ላያስታውስም ይችላል፤ "ያው ነው" ሊል ይችላል። አውራ ዶሮ ከግድግዳው ቀዳዳ ፊት ቆሟል። ከቀዳዳው የመጀመሪያው ግራጫ ብርሃን ገብቶ ፊቱ ላይ አርፏል።

ማኅተም ያዡ አየው። ሰውየው ጀርባውን ቀጥ አደረገ፣ ደረቱን በአየር ሞላ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደለመደው አፉን ከፈተ።

ቆመ። ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየ። ከዚያ አፉን በቀስታ ገጠመና ያን ሁሉ አየር በአፍንጫው ቀስ እያለ አወጣው። ከተማዋ ውስጥ፣ በየቤቱ፣ ሰው ሁሉ የእሱን ጥሪ ሳይሰማ ነቅቶ፣ ሻለቃው እንዳይነቃ በየመኝታው ጸጥ ብሎ ነበር። ነጋ።